ከታሆ እስከ ጣና፦ በ1902 የተፈረሙ ሁለት ወረቀቶች

ታክሲ ነጂው ነኝ። የዛሬዋም ረዘም ትላለች፤ ሳን ሆዜ ኤርፖርት ተራ የምትጠብቁ ጓደኞቼ ተራችሁ እስኪደርስ ትጨርሷታላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜና እሑድ ሥራ አቁሜ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ወደ ታሆ ሐይቅ ወጣሁ። ከኦክላንድ በሀይዌይ 80 ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ? ጎድኑን ከነከሰሉ ጭነናል። ከሳክራሜንቶ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ዶነር የሚባለውን በር ስትሻገሩ ጆሮ ይደፈናል። (በ1846 እዚያ በረዶ ስለያዛቸው ተጓዦች ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ ከምግብ በፊት የሚነገር ታሪክ አይደለም።) የአስፐን ዛፎቹ ቅጠል እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኗል።

ልጆቹ ዳር ላይ ድንጋይ ሲወረውሩ የድሮ ሙያዬ መጣብኝ። ታሆ ከባሕር ወለል በላይ 1,897 ሜትር ላይ ነው። ጣናችን 1,786 ሜትር ገደማ። በከፍታ ወንድማማቾች ናቸው ማለት ይቻላል። በስፋት ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ታሆ 495 ብቻ ነው። ለመኩራት ግን አትቸኩሉ፤ ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታው 14 ሜትር ያህል ነው፣ ታሆ ግን 501 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ በስድስት እጥፍ እያነሰ አምስት እጥፍ ያህል ውሃ ይዟል። ጣና ምጣድ ነው፣ ታሆ እንስራ። ሁለቱም የተፈጥሮ መውጫቸው አንድ ብቻ ነው፤ ከጣና ዓባይ፣ ከታሆ ደግሞ ትራኪ የሚባል ወንዝ ይወጣል።

ትራኪ የሚወጣው ታሆ ሲቲ ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ ያለው ድልድይ ስሙ ያስቃል። ሰዎች ዓሣ ለማየት አጎንብሰው ሲደገፉ ከመንገዱ የሚታየው መቀመጫቸው ብቻ ስለሆነ ፈረንጆቹ በዚያው ሰየሙት። ልጆቼ ሲስቁ ዋሉ። ከድልድዩ አጠገብ አንድ አጭር ግንብ አለ። ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ቁመቱ አምስት ሜትር ተኩል ያህል፣ 17 በሮች ያሉት፣ በ1913 ያለቀ። ባታውቁት ድልድይ ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ያ ሁሉ ሐይቅ የላይኛው ሁለት ሜትር የማይሞላ ውሃው የሚያዘውና የሚለቀቀው በእነዚህ በሮች ነው። ያች ሁለት ሜትር የማትሞላ ውሃ ብቻዋን ከ900 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ትበልጣለች። ባሕር ዳር ያደጋችሁ ጨረጨራን ታውቁታላችሁ፤ ሰባት በር፣ ሦስት ሜትር፣ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። ሥራው አንድ ዓይነት ነው፤ የኛው አሥር እጥፍ ይይዛል።

ትልቋ ልጄ ከድልድዩ ላይ ሆና፣ «አባዬ፣ ይህ ውሃ የት ይሄዳል? ኦክላንድ ይመጣል?» አለችኝ።

አይመጣም። የኛ የቧንቧ ውሃ በዋናነት ሞከለሚ ከሚባል ሌላ ወንዝ ነው። ትራኪ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ወደ ኔቫዳ ይወርዳል፣ ሪኖን አቋርጦ በረሃ ውስጥ ፒራሚድ የሚባል ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር የለውም፤ እንደኛው አዋሽ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ ልምጣ። ሜይ 15 ቀን 1902 አዲስ አበባ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሃሪንግተን ጋር የድንበር ውል ተፈራረሙ። ሦስተኛው አንቀጽ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ካልተስማሙ በቀር በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል ነው። የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ትርጉም እስከ ዛሬ ያከራክራል። ልክ በ33ኛው ቀን፣ ጁን 17፣ ዋሽንግተን ውስጥ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የምዕራቡን ደረቅ መሬት በመስኖ ለማልማት የወጣውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉን ያረቀቀው ፍራንሲስ ኒውላንድስ የሚባል የኔቫዳ እንደራሴ ነበር። በአንድ ወር ገደማ ውስጥ አንዱ አገር ውሃውን ላይነካ ፈረመ፣ ሌላው ሊገድብ ፈረመ።

በዚያ ሕግ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት፣ በኋላ ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን የተባለው፣ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱን እዚሁ ትራኪ ላይ ጀመረ። በ1905 ደርቢ የሚባል ግድብ ሠርቶ ውሃውን ወደ እርሻ ጠለፈ። የታሆን በሮችም በ1915 ተረከበ። እኛም እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም፤ በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በራስ ተፈሪ ተልከው ኒው ዮርክ ድረስ መጥተው ጄ.ጂ. ዋይት ከሚባል ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋግረዋል። ጥናቱ ተጀመረ፣ ጣሊያን መጣ፣ ቀረ።

ከዚያ ያ የትራኪው መሥሪያ ቤት ራሱ አገራችን ገባ። ከ1958 እስከ 1964 ባለሙያዎቹ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው የዓባይን ተፋሰስ አጥንተው 17 ጥራዝ ጻፉ። በዓባይ ላይ ካቀረቧቸው አራት ትልልቅ ግድቦች የመጨረሻውን «ቦርደር» ብለውታል፤ በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የቆመው በዚያው አካባቢ ነው። አርባ ምንጭ ስንማር እነዚያን ጥራዞች እንደ ዳዊት ነበር የምናያቸው። ጥራዞቹን የጻፉት ሰዎች መሥሪያ ቤት አገሩ ላይ ምን እንዳደረገ ግን ማንም አልነገረንም። እዚህ መጥቼ ታክሲ እየነዳሁ ነው የሰማሁት።

ፒራሚድ ሐይቅ የፓዩት ሕዝብ ነው። ራሳቸውን የሚጠሩት በሐይቁ ዓሣ ስም ነው፤ «ኩዩኢ በሊዎች» ማለት ነው። ከደርቢ በኋላ ሐይቃቸው 24 ሜትር ያህል ወረደ። አጠገቡ የነበረው ዊነመካ የሚባል ሐይቅ በ1930ዎቹ ጭራሹን ደረቀ፤ ዛሬ ነጭ ሜዳ ነው። ትልቁ ትራውት ዓሣ ወንዙ ጥልቀት ስላነሰው ሽቅብ ወጥቶ እንቁላል መጣል አቃተውና በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከሐይቁ ጠፋ። ሕዝቡ በፍርድ ቤት ሲከራከር ኖሮ በ1972 ተፈረደለት፣ በ1990 ደግሞ ኮንግረሱ የውሃውን ክፍፍል በሕግ ደነገገ።

ግድብ ጠላ እንዳትሉኝ። ቦንዱን ከታክሲ ገንዘቤ ገዝቻለሁ፣ ደግሜም እገዛለሁ። ግን ያን ምሽት እንቅልፍ ያሳጣኝ ሌላ ነገር ነው።

በ2003 አዲስ ምሩቅ ነበርኩ። ጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት በ2001 ሥራ ጀምሮ የፏፏቴው ውሃ ወደ ተርባይን ዞሮ ነበር። እናንተ በብር ኖት ላይ የምታስታውሱት ጢስ በበጋ ቀጭን ክር ሆነ። አጎቴ እዚያው ቱሪስት እየመሩ ነበር ልጆች ያሳደጉት። ባሕር ዳር ድረስ መጥተው፣ «አንተ ተምረሃል አሉ። ውሃው የት ሄደ?» አሉኝ። ወረቀት አውጥቼ ቦዩን፣ በሩን፣ ተርባይኑን ሣልኩላቸው። 70 ሜጋ ዋት ከምናምን ብዬ አስረዳሁ፤ ኮራሁም። አጎቴ ወረቀቱን አይተው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና፣ «መብራቱስ የት ሄደ?» አሉ። ቤታቸው ገጠር ነው፣ የሚያበሩት ኩራዝ ነበር። ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። ምናልባት ሻይ ጋበዝኳቸው። በ2010 ጣና በለስ ሲመጣ 460 ሜጋ ዋቱን እንጂ እሳቸውን አላሰብኩም።

እሑድ ማታ ቤት እንደገባን ደወልኩላቸው። እዚያ ሰኞ ጠዋት ነው፤ ኔትዎርክ በአምስተኛው ሙከራ ተገኘ። ስለ ፒራሚድ ነገርኳቸው። «ዓሣውስ ተመለሰ?» አሉ።

«ተመልሷል አጎቴ። ዘሩ በሌላ ተራራ ምንጭ ውስጥ ተርፎ ተገኝቶ ነው። በ2006 ወደ ሐይቁ መመለስ ጀመሩ።»

«ከጠፋ በስንት ዓመቱ?»

«ስድሳ ያህል።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «አሁን እኮ ጥቅምት ነው፣ ክረምቱም ደህና ነበር፤ ጢሱ ከደጄ ይታየኛል። እስከ ኅዳር መጨረሻ ሳይቆይ አይቀርም። መንገዱ ሰላም ከሆነ ልጆቹን ከዚያ በፊት አምጣቸው።»

ትኬቱን ሳየው አደርኩ። ለአራት ሰው የአራት ወር የታክሲ ገቢ ነው። ባለቤቴ ገና አልሰማችም።