ከውጅግራ እስከ ምንሽር፦ የጎጃም ሰውና የሚቀባበለው ጠመንጃ

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ በገበዘ ማርያም በኩል ባለው ገጠር፣ አንድ አዛውንት የአባታቸውን ምንሽር ከግድግዳ አውርደው አሳዩኝ። ገና ሲያወርዱት አፈሙዙን ከሰው አዙረው ወደ ጣሪያው አቀኑት። ከዚያ የመቀርቀሪያውን እጀታ ወደ ላይ አንስተው ወደ ኋላ ሳቡና ትንሿን ጣታቸውን ጥይት መጉረሻው ውስጥ ከተቱ። ባዶ መሆኑን ዓይናቸው አይቶታል፤ ጣታቸውም እንዲያውቀው ፈለጉ።

«ጠመንጃ ባዶ ነው ተብሎ አይታመንም፣ ልጄ» አሉኝ።

ይህ ጠመንጃ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የራሳችን ቃላት ይበቃሉ። ጫፉ አፈሙዝ ነው፤ አፍ አለው። ጥይት ሲገባለት ጎረሰ ይባላል፤ ባለቤቱም አጎረሰው። ለመተኮስ ሲሰናዳ ተቀባበለ እንላለን። ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ የመጨረሻው ቃል ነው፤ በብረቱ ሆድ ውስጥ የሚሆነውን ልክ እንደሚሆነው ይናገራልና። ጥይቶቹ ከታች በሞላ ተገፍተው ተደርድረዋል። መቀርቀሪያው ወደ ፊት ሲሄድ የላይኛውን ጥይት ከካዝናው ይቀበላል፤ ለጥይት መጉረሻው ያቀብላል። እጀታው ወደ ቀኝ ሲወርድ በመቀርቀሪያው ጫፍ ያሉት ሁለት ጉጦች ተሽከርክረው ከብረቱ ጉድጓድ ይገባሉ። ያን ጊዜ እንደ ተቀረቀረ በር ነው፤ ባሩዱ ሲነድ የሚመጣውን ግፊት እነዚያ ጉጦች ይሸከሙታል። ምላጩ ሲሳብ መርፌው የጥይቱን ቂጥ ይመታል። እጀታው እንደገና ተነስቶ ሲሳብ፣ የቀለሁን ከንፈር ነክሶ የያዘው ጥፍር ባዶውን ቀለህ ጎትቶ ያወጣዋል፤ ቀለሁም ተስፈንጥሮ ከእግር ሥር ይወድቃል። አንስቶ፣ ስቦ፣ ገፍቶ፣ አውርዶ፦ አራት እንቅስቃሴ ለአንድ ጥይት። ሁሉም የሚሠራው በሰው እጅ ነው፤ ጠመንጃው በራሱ የሚያደርገው ምንም ነገር የለም።

ይህ አሠራር ወደ እኛ አገር የመጣው ሌሎች አሠራሮችን ተከትሎ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ የእንግሊዝ ጦር የአፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የገጠመው በሰናድር ነበር። ሰናድር ከኋላ ይጎርሳል፤ ቂጡ ግን እንደ ሣጥን ክዳን በጎን ይከፈታል እንጂ መቀርቀሪያ የለውም። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ አፄ ዮሐንስ ከግብፅ ጦር የማረኩት ረሚንግተንም መዝጊያው ወደ ኋላ እየተንከባለለ የሚከፈት ዓይነት ነው። የመቀርቀሪያውን ነገር ለብዙኃኑ ያስተማረው ውጅግራ ነው። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው ይህ ጠመንጃ ባሻሻለው መኮንን በባዚል ግራ ስም «ፉዚ ግራ» ይባል ነበር፤ የእኛ ሰው አፍ አለስልሶ ውጅግራ አደረገው። በጅቡቲ በር በኩል በብዛት ገባ። ዓድዋ ላይም፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ከሌሎች ዓይነቶች ጋር ተሰልፏል፤ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ጦርም በዚያ ሜዳ ነበረ።

ውጅግራ ካዝና የለውም። አፉ 11 ሚሊ ሜትር ሰፊ ነው፤ የሚጎርሰው ግን አንዲት ጥይት ብቻ ነው። ባሩዱም ጥቁር ባሩድ በመሆኑ አንዴ ሲተኮስ ነጭ ጭስ ተኳሹን ይሸፍነዋል፤ ያለበትን ለጠላት ይናገርበታል፣ ኢላማውንም ከዓይኑ ይሰውርበታል። ስለዚህ የውጅግራ ተኳሽ የመጀመሪያዋን ጥይት እንደ መጨረሻዋ አድርጎ መተኮስ ነበረበት። ካልመታ ሁለተኛዋን ከዝናሩ እስኪያወጣ፣ እስኪያጎርስ፣ ጭሱም እስኪገለጥ የሚያልፈው ጊዜ ለጠላት ጎራዴ ወይም ለቆሰለ ጎሽ ይበቃል።

ጥይቷ ራሷ ገንዘብ ነበረች። በዚያ ዘመን በብዙ የአገራችን ገበያዎች ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በመገበያያነት አገልግላለች። ቀለህም አይጣልም፤ ተለቅሞ፣ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ ዳግመኛ ይተኮሳል። የእኛ አገር ገበሬ ዝንጀሮና ከርከሮ በቆሎውን ሲያጠፋበት ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ያስወነጭፋል፣ ጅራፍ ያጮሃል እንጂ እንዲያው ጥይት አያባክንም። ለዝንጀሮ ጥይት መተኮስ እህል ከመጣል አይተናነስም።

ምንሽር ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ስሙ ከኦስትሪያው ማንሊከር የመጣ ነው፤ በኋላ ግን በሰው አፍ ለጀርመኑ ማውዘርና ለመሰሎቹ ሁሉ መጠሪያ እየሆነ ሄደ። ከአንድ ፋንታ አምስት ጥይት ይጎርሳል፤ ጭስ አልባው ባሩድ ተኳሹን አያጋልጥም። እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣው የማውዘር ሞዴል ከሁለቱ የፊት ጉጦች ሌላ፣ እነሱ ቢሰበሩ ሰውዬውን የሚታደግ ሦስተኛ ጉጥ ከኋላ ተጨምሮለታል። በቤልጅግ አገር የተሠራው ማውዘር ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ለንጉሠ ነገሥቱ ዘበኛ ተገዝቷል፤ «ቤልጅግ» የሚለው የጠመንጃ ስምም እስከ ዛሬ በገጠር ይሰማል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለአደን የሚሠራው መቀርቀሪያ ያለው ጠመንጃ አብዛኛው የዚያ ማውዘር ልጅና የልጅ ልጅ ነው።

የአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ሲመጣ የጎጃም አርበኛ ችግር የጠመንጃ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ የጠመንጃ መለያየትም ነበር። የአንዱ ውጅግራ የ11 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው ምንሽር የ7.92፣ ከጣሊያን የተማረከው ደግሞ የ6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት ይጎርሳል። ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ወንድማማቾች ጥይት ሊበዳደሩ አይችሉም። የጣሊያኑ ጠመንጃ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፦ ስድስቱ ጥይቶች ከብረት ማቀፊያቸው ጋር አብረው ይገባሉ፣ የመጨረሻዋ ጥይት ስትቀባበል ባዶው ማቀፊያ በሆዱ በኩል ይወድቃል። ማቀፊያው ከጠፋ ካዝናው አይሠራም፤ ባለ ስድስቱ ጠመንጃ ወደ አንድ ጎራሽነት ይወርዳል። ስለዚህ የማረከ ሰው ከጥይቱ እኩል ያን ቀጭን ብረት መልቀም ነበረበት።

በእንዲህ ያለ መሣሪያ ነው ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለውና በላይ ዘለቀ በየአካባቢያቸው ጠላትን ያስጨነቁት። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ገቡ፤ በእንግሊዛዊው ኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው አነስተኛ ጦርም ወደ ቡሬ አመራ። በቁጥር እጅግ የሚበልጠው የጣሊያን ጦር የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቅቆ በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። ዛሬ በአውቶቡስ በሰዓታት የምናልፈው መንገድ ነው። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ያን መንገድ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው ከአጥር ሥር ተኝቶ አራት ጥይት ብቻ የቀረው፣ ጣቱን ምላጭ ላይ አሳርፎ የሚጠብቅ ሰው ነው። ስሙን ማንም አልጻፈውም።

ከነጻነት በኋላ ጠመንጃው ወደ ግድግዳው ተመለሰ፤ ክብሩ ግን አብሮት አልተሰቀለም። በሠርግ ይተኮሳል፣ በለቅሶ ለሟቹ ይተኮሳል፣ ሽለላና ፉከራ ያለ እሱ አይደምቅም። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውሞ ሲነሣ ከቅሬታዎቹ መካከል የጠመንጃ ምዝገባ ጉዳይም ነበረበት። ለባለሥልጣኑ ምዝገባው የመዝገብ ሥራ ነበር። ለገበሬው ግን ርስቱን ከመነጠቁ በፊት ብረቱ እየተቆጠረበት ነበር፤ በጎጃም ርስትና ጠመንጃ በአንድ ትንፋሽ ይጠራሉና። ዛሬም ጉዳዩ በሕግ የተያዘ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 የጦር መሣሪያን በፈቃድ ያስተዳድራል።

በእነዚህ ዓመታት ግን ሌላ ነገር ሆኗል። ምላጩ ተጭኖ እስከተያዘ ያለማቋረጥ የሚተፋው ክላሽ የምንሽርን ቦታ ወስዷል። እዚህ ላይ ሐሳቤን ሳልሸፍን ልናገር፦ በዚያ ለውጥ ትልቅ ነገር አጥተናል። ምንሽር ሰው ይገድላል፤ ያንን ማስጌጥ አልፈልግም። ነገር ግን በአንዱ ጥይትና በሚቀጥለው መካከል እጅ ከምላጩ ላይ መነሳት ነበረበት። እጀታውን አንስቶ እስኪመልስ ድረስ ተኳሹ ያየዋል፦ መታሁ ወይስ ሳትኩ፣ ማንን መታሁ፣ ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ። ያቺ ቅጽበት አጭር ናት፤ ሰው ግን በውስጧ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል። ቶሎ በሚተፋ ብረት ያደገ ልጅ ያችን ቅጽበት አያውቃትም፤ እኔን የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

አዛውንቱ ጠመንጃውን በዘይት በተነከረ ጨርቅ ወለወሉት፤ ሰደፉ ላይ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ከብዙ መያዝ የተነሳ ተልጎ ያበራል። ለመስቀል ሲነሱ እንዲያው አልዘጉትም። ምላጩን በቀኝ ጣታቸው ሳብ አድርገው ይዘው፣ መቀርቀሪያውን በግራቸው ቀስ አድርገው ገፍተው እጀታውን አወረዱት። ድምፅ አልተሰማም። ለምን እንዲያ እንዳደረጉ ጠየቅኋቸው።

«ሞላው ተወጥሮ እንዳያድር ነዋ። ብረትም ቢሆን ዕረፍት ይፈልጋል» አሉና ወደ ግድግዳው ዘወር አሉ።