ኢሣር፦ ሌላውን ከራስ ማስቀደም በእስልምና፣ መሠረቱና ወሰኑ

በእስልምና የሥነ ምግባር ትምህርት ሰው ከተረፈው መስጠቱ የሚመሰገን ልግስና ነው፤ ራሱ የሚፈልገውን ነገር ለሌላው መልቀቁ ግን ከዚያ የላቀ ደረጃ ሆኖ «ኢሣር» ይባላል። ስለ ኢሣር ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የጥቂት ደጋግ ሰዎችን ታሪክ ነው። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ብቻውን ሲቀርብ ግን ምግባሩን ከበቀለበት ማኅበራዊ ሥርዓት ይነጥለዋል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ኢሣር በፍትሕ ላይ የሚታነጽ እንጂ ፍትሕን የሚተካ አይደለም የሚል ነው። ሰው ለሌላው ሊለቅ የሚችለው የራሱ መብት የሆነውን ብቻ ነው፤ ሲለቅም የተቀባዩን ክብር መጠበቅ አለበት።

የቁርኣኑ አውድ

የኢሣር ዋነኛ ማስረጃ የሱረቱል ሐሽር 9ኛ አንቀጽ ነው። አንቀጹ የመጣው በሀብት ክፍፍል ጉዳይ መካከል ነው። በ4ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 625) የበኒ ነዲር ጎሣ ከመዲና ሲወጣ ርስቱ ያለ ውጊያ በሙስሊሞች እጅ ገባ። 7ኛው አንቀጽ የዚህ ሀብት ድርሻ ለእነማን እንደሚገባ ይዘረዝራል፦ ከተጠቀሱት መካከል የቲሞች፣ ድኾችና መንገደኞች ይገኛሉ። ምክንያቱንም ያስቀምጣል፤ ሀብት በባለጸጎች መካከል ብቻ እንዳይዘዋወር ነው። 8ኛው ከቤትና ከንብረታቸው የተፈናቀሉትን ሙሃጂሮች (ስደተኞች) ያነሣል። ከዚህ በኋላ ነው አንሷሮች፣ ማለትም ስደተኞቹን የተቀበሉት የመዲና ሙስሊሞች፣ የሚወደሱት።

የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ርስቱን በአብዛኛው ለሙሃጂሮች አከፋፈሉ። ከአንሷሮች ድርሻ ያገኙት በድህነታቸው ምክንያት ሰህል ኢብን ሑነይፍና አቡ ዱጃና ነበሩ። ስደተኞቹን ለዓመታት በቤታቸው ያኖሩት አንሷሮች አሁን ከመንግሥታዊ ድርሻው ታለፉ። አንቀጹ የሚያወድሳቸው በሦስት ነገር ነው፦ ወደ እነሱ የተሰደደውን ይወዳሉ፤ ለሌላው በተሰጠው ነገር ልባቸው ቅር አይልም፤ ራሳቸው ቢቸገሩም ሌላውን ያስቀድማሉ። ከሦስቱ ሁለተኛው እምብዛም አይብራራም፤ እኔ ግን የምግባሩ ሥር እሱ ይመስለኛል። በእጅ ያለውን መስጠት ከባድ ነው፤ በፍትሕ ለሌላው የተወሰነ ድርሻ ሲሰጥ እያዩ ያለ ቅናት መደሰት ደግሞ ከዚያም ይከብዳል። አንቀጹ ሲደመደም ስኬትን ከገዛ ነፍስ ንፉግነት ለተጠበቁት የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

የሰጪና የተቀባይ ሥነ ምግባር

እ.ኤ.አ. በ622 ከተፈጸመው ሒጅራ በኋላ ነቢዩ ሙሃጂሮችንና አንሷሮችን አንድ ለአንድ አወዳጇቸው። ሰዕድ ኢብን ረቢዕ ለዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ የሀብቱን ግማሽ ሊያካፍለው አቀረበ። ዐብዱረሕማን መረቀውና ገበያው የት እንደሆነ ጠየቀ። አይብና ቅቤ እየነገደ ብዙም ሳይቆይ ራሱን ቻለ። ዐብዱረሕማን ቀደም ሲል ወደ ሐበሻ ምድር ከተሰደዱት አንዱ ነበር፤ በሰው አገር መጠጋት ምን እንደሆነ ያውቃል። የሰዕድ ስጦታ ታላቅ ነው፤ የዐብዱረሕማን መልስም እኩል ታላቅ ነው። ኢሣር የጸናው ሰጪው ሳይሰስት፣ ተቀባዩም ሳይዘናጋ በመቅረቱ ነው።

ቡኻሪ ከዘገቧቸው ሐዲሶች አንዱ ይህንኑ በማኅበረሰብ ደረጃ ያሳያል። አንሷሮች የቴምር ዛፎቻቸውን ከሙሃጂሮች ጋር ይከፋፈሉ ዘንድ ነቢዩን ጠየቁ፤ ነቢዩ አልፈቀዱም። በመጨረሻም ሙሃጂሮች በሥራው እንዲያግዙና ፍሬውን እንዲካፈሉ ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ628 ከኸይበር ዘመቻ በኋላ ሙሃጂሮች አቅም ሲያገኙ አንሷሮች ለመጠቀሚያ ሰጥተዋቸው የነበሩትን ዛፎች መለሱላቸው። እርዳታው የሥራ ተሳትፎ ነበረው፤ ማብቂያም ነበረው። ስለዚህ ማንንም የዘላለም ባለውለታ አላደረገም።

የእንግዳው ታሪክም በዚህ ዓይን ሊነበብ ይገባል። የተራበ ሰው ወደ ነቢዩ መጣ፤ በቤታቸው ከውኃ በቀር የሚቀመስ አልተገኘም። በሙስሊም ዘገባ አቡ ጦልሓ የተባለ አንሷሪ ወደ ቤቱ ወሰደው። በቤቱ የነበረው የልጆች ምግብ ብቻ ነበር። ሚስቱ ልጆቹን አስተኝታ መብራቱን አጠፋች፤ ባልና ሚስት የሚበሉ መስለው በረሃብ አደሩ። መብራቱን ማጥፋታቸው ትልቅ ትርጉም አለው። እንግዳው የሰው ድርሻ እየበላ መሆኑን ካወቀ ይሸማቀቃል፤ ስለዚህ ከምግቡ ጋር የልብ ነጻነቱንም ሰጡት። ሱረቱል ኢንሳን 8ኛና 9ኛ አንቀጾች ላይ ድኻን፣ የቲምንና ምርኮኛን የሚያበሉ ሰዎች ዋጋም ምስጋናም እንደማይሹ መገለጹ ከዚህ ጋር ይገናኛል።

የኢሣር ወሰን

ይህ ታሪክ ግን ጥያቄ ያስነሣል፤ ወላጅ የልጆቹን ራት ለእንግዳ መስጠት ይችላል? ኢማም ነወዊ (እ.ኤ.አ. 1277 ያረፉ) በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ጉዳዩን አንሥተዋል። ልጆቹ እንደ ልጅ ልማድ የሚጠይቁ እንጂ በረሃብ የሚጎዱ አልነበሩም፤ የሚጎዱ ቢሆኑ ኖሮ እነሱን ማብላት ግዴታ ስለሆነ ከእንግዳ ይቀድም ነበር ይላሉ። ባልና ሚስቱ የለቀቁት የራሳቸውን ድርሻ ነው።

ሌሎች ዘገባዎችም ይህንን ወሰን ያጸናሉ። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ታሞ ሳለ ሀብቱን ለሶደቃ ሊናዘዝ ሲያስብ ነቢዩ ከሲሶ በላይ አልፈቀዱለትም፤ ሲሶውም ብዙ እንደሆነ፣ ወራሾችን ለልመና ከመዳረግ አብቃቅቶ መተው እንደሚሻል ነገሩት። ከዕብ ኢብን ማሊክ ንስሐው ተቀባይነት ሲያገኝ ሀብቱን ሁሉ ሊሰጥ ሲል ከፊሉን እንዲያስቀር ተመከረ። ነቢዩ ከአቡበክር ግን ያለውን ሁሉ ተቀበሉ። ሊቃውንት ልዩነቱን የሚያብራሩት በሰዎቹ የጽናት አቅም ነው፤ ሁሉን ሰጥቶ የማይጸጸትና የሰው እጅ የማያይ ሰው እንደ ሌላው አይመዘንም።

የፊቅህ ሊቃውንት ሌላም ወሰን አስቀምጠዋል። ኢማም ሱዩጢ (እ.ኤ.አ. 1505 ያረፉ) ባጠናቀሩት የሕግ መርሆች መጽሐፍ ኢሣር በዱንያ ጉዳይ የተወደደ፣ ወደ አላህ በሚያቃርቡ አምልኮቶች ግን የተጠላ መሆኑ ተቀምጧል። የውዱእ ውኃን ወይም በሶላት የመጀመሪያውን ሶፍ ለሌላው መልቀቅ በዚህ ሥር ይታያል። አምልኮ የአላህ መብት ስለሆነ ሰው እንደ ግል ንብረቱ አያስተላልፈውም።

መርሁ በዘመናችንም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1988 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በሕይወት ካለ ሰው ወደ ሌላ የአካል ክፍል ማዛወርን በቅድመ ሁኔታ ሲፈቅድ፣ ሕይወት የሚመሠረትበትን እንደ ልብ ያለ አካል ከሕያው ሰው መውሰድን ከልክሏል። ሕይወት ከአላህ የተሰጠ አደራ በመሆኑ ለጋሹ ወንድሙን ለማዳን እንኳ ራሱን አይገድልም።

መደምደሚያ

ኢማም ገዛሊ (እ.ኤ.አ. 1111 ያረፉ) በ«ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» የወንድማማችነትን ደረጃዎች ሦስት ያደርጋሉ፦ ከትርፍ ላይ መስጠት፣ ወንድምን ከራስ ጋር እኩል ማድረግ፣ ከራስ ማስቀደም። ወደ ሦስተኛው የሚወጣው የፊተኞቹን የረገጠ ነው። ይህ ለግለሰብ የሚሠራውን ያህል ለማኅበረሰብም ይሠራል። ባለጸጋው ዘካውን አስቀርቶ፣ አሠሪው ደመወዝ ቆርጦ፣ ድኻውን ስለ ኢሣር መምከር የሱረቱል ሐሽርን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው። አላህ መጀመሪያ ሀብት በባለጸጎች መካከል ብቻ እንዳይዘዋወር አዘዘ፤ ቀጥሎ ከመብታቸው አልፈው የሰጡትን አወደሰ። ስለዚህ ኢሣርን ማስተማር የሚፈልግ ሰው የሰውን መብት በመክፈል ይጀምር፤ ከዚያ በኋላ ከራሱ ድርሻ የሚለቀው ነገር እውነተኛ ኢሣር ይሆናል።