የሰሜን ካሮላይናው ውል

ስሙኝማ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከቻርሎት ነው። ቻርሎት በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ግዛት ትልቋ ከተማ፣ የባንኮች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2016 የከተማዋ ምክር ቤት አምሽቶ ሲከራከር ቆየና በ7 ለ4 ድምፅ አንድ ደንብ አጸደቀ። ደንቡ ተመሳሳይ ጾታን የሚያፈቅሩ ሰዎችና ትራንስጀንደሮች በሱቅ፣ በሆቴልና በታክሲ በማንነታቸው ምክንያት አገልግሎት እንዳይከለከሉ የሚል ነው። ትራንስጀንደሮች ደግሞ በሚኖሩበት ጾታ መጸዳጃ ቤት ይግቡ አለ። ከዚህ ሁሉ አገር ያወራው የመጨረሻዋን ነጥብ ብቻ ሆነ።

ደንቡ ኤፕሪል 1 ሥራ ላይ ሊውል ነበር፤ አልደረሰም። የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ያኔ በሪፐብሊካኖች እጅ ነበር። ማርች 23 መዲናዋ ራሌይ ላይ ለልዩ ስብሰባ ተጠራ። ይህቺን ቀን ልብ በሉልኝ። ጠዋት ረቂቁ ቀረበ። ዴሞክራቶቹ አንብበን የምንጨርስበት ጊዜ እንኳ አልተሰጠንም እያሉ አቤት አሉ፤ የሰማቸው የለም። ወደ ማታ በላይኛው ምክር ቤት ያሉት ዴሞክራቶች ተነሥተው አዳራሹን ለቀው ወጡ፤ የቀሩት 32 ለ0 አጸደቁት። በዚያው ሌሊት ገዥው ፓት ማክሮሪ ፈረሙበት። ማክሮሪ እኮ ገዥ ከመሆናቸው በፊት 14 ዓመት የቻርሎት ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። ኤች ቢ 2 የተባለው ሕግ እንዲህ በአንድ ጀምበር ተወለደ።

ሕጉ በመንግሥት ሕንፃና በመንግሥት ትምህርት ቤት ሁሉ ሰው በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ በሰፈረው ጾታ መጸዳጃ ቤት እንዲገባ አዘዘ። እስቲ አስቡት፤ ጢም ያበቀለ፣ ድምፁ የወፈረ፣ የሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ በወንድነቱ የሚያውቁት ሰው፣ ወረቀቱ ሴት ስለሚለው ብቻ የሴቶቹን በር ሊከፍት ነው። ወረቀቱን ላስተካክል ቢል ያኔ ግዛቱ የቀዶ ሕክምና ማስረጃ አምጣ ይለው ነበር። ውኃ ሳይጠጣ ከመዋል ሌላ ምን አማራጭ ነበረው? በዚህም አላበቃም። ከተሞች የራሳቸውን የፀረ አድልዎ ደንብ እንዳያወጡ ተከለከሉ፤ በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው ዝቅተኛውን ደመወዝ እንዳይወስኑም እንዲሁ። ሽንት ቤት ሽንት ቤት ሲባል የድሃው ሠራተኛ ጉዳይ ሳይሰማ አለፈ።

ከዚያ ገንዘብ መናገር ጀመረ። ኤፕሪል 5 ፔይፓል ቻርሎት ላይ 400 ሰው ሊቀጥርበት የነበረውን ማዕከል ሰረዘ። ዶይቸ ባንክ ኬሪ ከተማ ላይ ሊጨምር ያሰበውን 250 የሥራ ቦታ አቆመ። ብሩስ ስፕሪንግስቲን የግሪንስቦሮ ኮንሰርቱን ሁለት ቀን ሲቀረው ሰረዘ። በሜይ ወር የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር ግዛቱን ከሰሰ፤ ክሱን በይፋ ያስታወቁት ሚኒስትሯ ሎሬታ ሊንች ናቸው፤ እሳቸውም የግሪንስቦሮ ተወላጅ። ጥቁር ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960 ለነጮች ብቻ በተባለ የምግብ ቤት ባንኮኒ ተቀምጠው አንነሣም ያሉት እዚያው ግሪንስቦሮ ውስጥ ነው።

ዱላው ያረፈው ግን በቅርጫት ኳሱ ላይ ነው። የዱክና የቻፕል ሂል ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ሲኖር በዚያ አገር ሥራ አይሠራም፤ ፍቅሩ ከልጅነት የሚወረስ ነው። የአገሩ የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ የ2017ቱን የኮከቦች ጨዋታ ከቻርሎት ነጥቆ ለኒው ኦርሊንስ ሰጠ። ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲዎቹን ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ ሰባት ውድድሮችን አነሣ። በኖቬምበሩ ምርጫ ትራምፕ ግዛቱን ሲያሸንፉ ማክሮሪ ግን አሥር ሺህ በሚሆን ድምፅ ወደቁ፤ ዴሞክራቱ ሮይ ኩፐር ተተኩ።

በዲሴምበር አንድ ድርድር ነበር። ቻርሎት ደንቧን ትሻር፣ ራሌይም ሕጉን ይሻር ተባለ። ቻርሎት ሻረች፤ ራሌይ ሳይሽር ተበተነ።

ማርች 2017 ኤንሲኤኤ እስከ 2022 ድረስ ውድድሮቹን የሚያስተናግዱትን ከተሞች ሊመርጥ ቀነ ገደብ ቆረጠ። አሶሼትድ ፕሬስ የዜና ወኪልም ሕጉ በ12 ዓመት ውስጥ ለግዛቱ 3.76 ቢሊዮን ዶላር ያሳጣል ብሎ አሰላ። ማርች 29 ሌሊት የሁለቱ ምክር ቤቶች መሪዎች፣ ፊል በርገርና ቲም ሙር፣ ጋዜጠኞችን ጠርተው ተስማምተናል አሉ። በማግስቱ ላይኛው 32 ለ16፣ ታችኛው 70 ለ48 አጸደቁት፤ ኩፐርም ቀኑ ሳያልፍ ፈረሙ።

ኤች ቢ 142 ኤች ቢ 2ን ሻረ። ነገር ግን ከተሞች ስለ ቅጥርና ስለ አገልግሎት የፀረ አድልዎ ደንብ እንዳያወጡ እስከ ዲሴምበር 1 ቀን 2020 አገዳቸው፤ የመጸዳጃ ቤቱንም ጉዳይ ለግዛቱ ብቻ አስቀረ። የመብት ተሟጋቾቹ ተካድን አሉ። ሕጉን የሚወዱት ወግ አጥባቂዎችም ተካድን አሉ። ሁለቱም ወገን ከተከፋ ስምምነቱ ፍትሐዊ ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ እኔ አልቀበለውም። ግዛቱ ውድድሩን ሊያስመልስ፣ መሪዎቹ ከጭንቀት ሊወጡ፣ ኩፐር ሕጉን አስሻርኩ ሊሉ ነው። 3 ዓመት ከ8 ወር ጠብቁ የተባሉት ግን ነገሩ ሁሉ በስማቸው የተነሣባቸው ሰዎች ናቸው፤ ያውም ድርጅቶቻቸው እየጮኹ።

ያለ ገንዘቡ ጫና ራሌይ ወደዚያ ጠረጴዛ ይመለስ ነበር ብዬ አላምንም፤ ያደሙት ድርጅቶች ሥራ ሠርተዋል። የሚያሳዝነኝ አድማው ያበቃበት ሰዓት ነው። ኤፕሪል 3 የቻፕል ሂል ዩኒቨርሲቲ የአገሩን የቅርጫት ኳስ ዋንጫ ወሰደ። በማግስቱ ኤንሲኤኤ ቅር እያለው ተመልሻለሁ አለ፤ በ2019 ደግሞ የኮከቦቹ ጨዋታ ቻርሎት ላይ ተደረገ። በጨዋታው ሳምንት በፍቅረኛው ምክንያት ከሆቴል የተባረረ ሰው አቤት የሚልበት የከተማ ደንብ አልነበረውም። ካሊፎርኒያ ግን የመንግሥት ሠራተኞቿን ወደዚያ በመንግሥት ወጪ እንዳይሄዱ የከለከለችውን እስከ 2023 አላነሣችም።

እግዱ እንዳለቀ፣ ጃንዋሪ 2021፣ ትንሿ ሂልስቦሮ ቀድማ ደንቧን አወጣች፤ ካርቦሮ፣ ቻፕል ሂልና ደርሃም ተከተሏት። የመጸዳጃ ቤቱ አንቀጽ ግን የሚያበቃበት ቀን አልተጻፈለትም።