ሐኪሙ ሲርቅ፣ ገንዘቡም ሲያጥር፦ የድመት የሽንት ሕመም

በይፋት ቆላ ድመት የምትኖረው ለጌጥ አይደለም። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን አቋርጦ ወደ አጣዬና ካራቆሬ በሚዘልቀው ሜዳ፣ ማሽላው፣ ጤፉና ማሾው ከአውድማ ተነሥቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ከአይጥ የምትጠብቀው እርሷ ናት። በሬ ሲታመም ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ይመክራል፤ ድመት ስትታመም ግን ጥግ ይዛ ትሰነብትና ወይ ትድናለች ወይ ትሞታለች፤ ልብ የሚላትም ጥቂት ነው። ከሕመሞቿ መካከል አንዱ፣ የሽንት መታገድ፣ እንዲህ ላለው ቸልተኝነት ጊዜ አይሰጥም። ሽንቱ ፈጽሞ የተዘጋበት ወንድ ድመት ሳይረዳ ከቀረ ብዙውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ቀናት ውስጥ ይሞታል።

በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ያለው የእንስሳት ጤና አገልግሎት የተደራጀው በዋናነት ለቀንድ ከብት፣ ለበግና ፍየል፣ ለግመልና ለጋማ ከብት ነው። የድመትና የውሻ ሕክምና የሚሰጡ የግል ክሊኒኮች በአመዛኙ ያሉት አዲስ አበባ ሲሆን፣ ከተማዋ ከሸዋ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለአንዲት ድመት ይህን ሁሉ መንገድ የሚጓዝ፣ የምርመራና የመድኃኒት ዋጋም የሚከፍል ቤተሰብ ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ ለአብዛኛው ባለቤት ዋናው ጥያቄ ያለውን ጥቂት ገንዘብና ጥቂት ሰዓት የት ላይ ማዋል እንደሚገባው ነው። ይህን ለመወሰን በመጀመሪያ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል፤ ሽንቱ በሥቃይም ቢሆን እየወጣ ነው ወይስ ፈጽሞ ተዘግቷል?

የሁለቱ ጅማሬ ይመሳሰላል። ድመቷ ቶሎ ቶሎ ትቀመጣለች፣ ታምጣለች፣ ትጮኻለች፣ ብልቷን አዘውትራ ትልሳለች። ከዚያ በፊት ውጭ ትሸና የነበረችው ቤት ውስጥ፣ በምድጃ ዳር ወይም በልብስ ላይ ትሸናለች። የሚወጣው ሽንት ጥቂት ጠብታ ሲሆን ደም ሊቀላቅል ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምጡን የሆድ ድርቀት አድርጎ በመቁጠር ነው። ዘይት ወይም ቅቤ ሲያግቱ አንድ ቀን ያልፋል፤ ያ ቀን ደግሞ ወንዱን ድመት ማትረፍ ይቻል የነበረበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ድመቱን ጸጥ ባለ ክፍል ብቻውን ዘግቶ ማቆየት፣ አሸዋ ወይም የተነፋ አመድ ያለበት ካርቶን ማስቀመጥ፣ ወለሉንም ነጠላ ቀለም ባለው ጨርቅ ወይም ማዳበሪያ መሸፈን ይበቃል። ጤነኛ ድመት በቀን ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ትሸናለች። እየተመላለሰ የሚያምጥ ወንድ ድመት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በአሸዋውም በጨርቁም ላይ አንዳች እርጥበት ካልተወ ተዘግቷል ብሎ መነሣት ይገባል። ከዚያ በኋላ ማስታወክ፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ መድከምና የሰውነት መቀዝቀዝ ይከተላሉ። ሆዱ ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት በቀስታ ሲዳሰስ የሎሚ ወይም የትንሽ ብርቱካን ያህል ጠንካራ ነገር ይገኛል፤ ያ የሞላው ፊኛ ነው። መዳሰስ ማለት መነካካት ብቻ ነው። ሽንቱ እንዲወጣ ብሎ መጫን ፊኛውን ሊያፈነዳው ይችላል።

እንስቷ ድመት በሽንት ሕመም ብትሠቃይም መዘጋቱ እምብዛም አያገኛትም፤ የሽንት ቱቦዋ አጭርና ሰፊ ነው። የወንዱ ረጅም ሆኖ ወደ ጫፉ እጅግ ይጠባል። በዚያ ጠባብ ቦታ የደቃቅ ጠጠር፣ የንፍጥና የሞቱ ሕዋሳት ድብልቅ እንደ ውታፍ ይቀረቀራል። ሽንቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ኩላሊቱ ሥራውን ያቆማል፣ በደም ውስጥ ፖታሲየም የተባለው ንጥረ ነገር ይከማቻል፣ ልብም እየዘገየ ሄዶ ይቆማል። የሚገድለው በዋናነት ይህ ክምችት ነው።

ለመሆኑ ሕመሙ ከየት ይመጣል? ከአሥር ዓመት በታች በሆኑ ድመቶች ላይ በአብዛኛው ተለይቶ የሚታወቅ መንስኤ አይገኝለትም። ፊኛው ያለ ተዋሲያን ይቆጣል፤ ጭንቀትና የውኃ እጥረት ያባብሱታል። በተዋሲያን የሚመጣው ኢንፌክሽን በወጣት ድመቶች ላይ ጥቂት ሲሆን ባረጁት ላይ ይበዛል። ከሰው ተርፎ በመደርደሪያ የተቀመጠ አሞክሳሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን መስጠት ታዲያ በአብዛኛው ከንቱ ልፋት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የውኃው ጉዳይ ለእኛ ቆላ የተለየ ትርጉም አለው። የቤት ድመት የወረደችው ዛሬም በአገራችን ከምትገኘው የአፍሪካ የዱር ድመት ነው። የዘር ሐረጓ የበረሃ በመሆኑ ውኃ ሳይጠማት ትውላለች፤ ሽንቷንም አወፍራ ትቆጥባለች። አይጥ እየያዘች ስትበላ ከሚያስፈልጋት ውኃ አብዛኛውን ከአይጡ ሥጋ ታገኛለች፤ የአይጥ አካል ሁለት ሦስተኛው ያህል ውኃ ነውና። እንጀራ ፍርፋሪ ወይም ከከተማ የመጣ ደረቅ የድመት መኖ ስትመገብ ግን ጉድለቱን በመጠጣት አታካክሰውም። አራት ኪሎ ግራም የምትመዝን ድመት ከምግብም ከመጠጥም በቀን 200 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ያስፈልጋታል፤ ሦስት የቡና ሲኒ መሆኑ ነው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ከዚህ ሊበልጥ ይችላል።

ሌላው ምክንያት ምግቡ ነው። ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል እንስሳ ናት። ሥጋ የሽንቷን አሲድነት ይጠብቃል፤ እህልና ጥራጥሬ ሲበዛ አሲድነቱ ይቀንስና ስትሩቫይት የተባለው የጠጠር ዓይነት ለመፈጠር ይመቸዋል። በጾም ወራት በብዙ ቤት ድመትም አብራ ትጾማለች ማለት ይቻላል፤ የሚተርፈው ሽሮና ምስር ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ የሚውሉት ሙቀት በሚበረታበት ወቅት ነው። አይጥ በደንብ የምትይዝ ድመት ይህን ታካክሰዋለች፤ ከቤት የማትወጣዋ ግን ከዚያው ከሽሮው ጋር ትቀራለች።

አሁን ወደ አስቸኳዩ እንመለስ። ሽንቱ የተዘጋበትን ወንድ ድመት በቤት ውስጥ መክፈት አይቻልም። ውኃ በግድ መጋት፣ ሽንት ያስወጣል የሚባል ቅጠል መስጠት ወይም ሎሚና ኮምጣጤ ማጠጣት መውጫ ያጣውን ፊኛ ይብስ ከመወጠር በቀር አይጠቅምም። ከሁሉ የከፋው የሰው ማስታገሻ ነው። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን መቋቋም አይችልም፤ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ አንድ ፍሬ ብቻ ድመትን ለመግደል ሊበቃ ይችላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ኩላሊቷን ይጎዳሉ። ለርኅራኄ ተብሎ የሚሰጥ ክኒን ከሕመሙ ቀድሞ ሊገድላት እንደሚችል በግልጽ መነገር አለበት።

ያለው ገንዘብ መዋል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ መድረስ ካልተቻለ በአቅራቢያ ወዳለው የመንግሥት የእንስሳት ጤና ክሊኒክ በዚያው ቀን መሄድ ይገባል። «ለድመት ብሎ ክሊኒክ!» የሚል ሳቅ ሊያጋጥም ይችላል፤ ይሁንና ባለሙያው ሕመሙን ያውቀዋል። በፉርሽካና በእህል የሚደልቡ በጎች፣ ፍየሎችና በሬዎች በዚሁ ችግር ይያዛሉ። በእነርሱም የሚጠቃው ወንዱ ነው፤ ቱቦው የተጠማዘዘና ጠባብ በመሆኑ፣ በበግና በፍየል ደግሞ ጫፉ ላይ ክር የመሰለ ቀጭን ክፍል ስላለ ጠጠሩ እዚያ ይቀረቀራል። ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ነው፤ ገና በጨቅላነታቸው የተኮላሹ ወንዶች ቱቦም ሳይሰፋ ይቀራል። ስለዚህ ባለቤቱ «ድመቴ ታሞብኛል» ከማለት ይልቅ «ሽንት ከዘጋው ይህን ያህል ሰዓት ሆኖታል፣ ይህን ያህል ጊዜ አስታውኳል» ብሎ ቢጀምር ቶሎ ይደመጣል።

የተለመደው ሕክምና ድመቱን አደንዝዞ ቀጭን ካቴተር በማስገባት ቱቦውን መክፈት፣ በደም ሥርም ፈሳሽ መስጠት ነው። ለድመት የሚሆን ካቴተር በከብት ክሊኒክ ላይገኝ ይችላል። በዚህ ረገድ በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት ጠቃሚ ነው። ባለቤቶቻቸው የካቴተሩን ሕክምና መክፈል ያልቻሉ 15 ወንድ ድመቶች ማስታገሻና ማረጋጊያ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ፊኛቸው በቀጭን መርፌ በሆድ በኩል እየተቀዳ፣ ፈሳሽ ከቆዳቸው ሥር እየተሰጣቸው፣ ጸጥታ ባለበት ጨለም ያለ ክፍል እንዲቆዩ ተደረገ። ከ15ቱ 11ዱ በራሳቸው ሸንተው ዳኑ። ጥናቱ ሁኔታቸው እጅግ የከፋባቸውን አላካተተም፤ አራቱም አልተሳካላቸውም። ሆኖም ዘዴው የሚጠይቀው መርፌ፣ ሲሪንጅ፣ ፈሳሽና ማረጋጊያ በመሆኑ ለገጠር ክሊኒክ ከካቴተሩ ይልቅ ይቀርባል። ባለቤቱ ባለሙያውን ስለዚህ መጠየቅ ይችላል። በመርፌ መቅዳቱ የባለሙያ ሥራ መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም፤ የተወጠረ ፊኛ ሲወጋ ወደ ሆድ ሊያፈስ ይችላልና ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጥባቸው ተቋማትም አሉ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በቢሾፍቱ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል ደግሞ በደሴ ይገኛል። ከሸዋ ሮቢት ለተነሣ ሰው ደሴ ወደ ሰሜን በዚያው ዋና መንገድ ላይ ናት፤ ከመሄድ በፊት በስልክ መጠየቅ ግን ይበጃል።

ጊዜው ካለፈ፣ ድመቱም ቀዝቅዞ፣ ራሱን ስቶ ከተዘረጋ የሚቀረው አማራጭ ጠባብ ነው። ባለሙያው ሥቃዩን የሚያሳጥርበት መድኃኒት ካለው ይህን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ለሁለት ቀን ሲያጣጥር ከመመልከት ይሻላል።

ሽንቷ እየወጣ የምትሠቃየው ድመት ነገር ከዚህ ይቀልላል። መንስኤው ያልታወቀው የፊኛ መቆጣት በአብዛኛው ከአምስት እስከ ሰባት ባሉት ቀናት ውስጥ በራሱ ይበርዳል፤ የባለቤቱ ድርሻ እንዳይባባስና እንዳይመላለስ ማድረግ ነው። ከሥጋ ቤት በርካሽ የሚገኘውን ሳንባ ወይም የሥጋ ቁርጥራጭ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ቀቅሎ ከነመረቁ መስጠት ውኃውንም ሥጋውንም በአንድ ጊዜ ያደርሳል። እንጀራም ቢሆን በዚሁ መረቅ ርሶ ይሰጥ። የመጠጥ ውኃ ከምግቧ ራቅ ብሎ በጥላ ሥር፣ በሁለት በሦስት ቦታ፣ ሰፋ ባለ ሸክላ ይቀመጥ፤ በጠዋትና በማታ ይለወጥ። ወተት የውኃ ምትክ አይሆንም፤ ብዙ ያደጉ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል። ከልጆች፣ ከውሻና ከሌላ ድመት የምትሸሸግበት ጥግ ያስፈልጋታል። ሰርግ፣ ድንኳን፣ የቤት ለውጥ ወይም አዲስ እንስሳ በመጣበት ሰሞን ሕመሙ ሲያገረሽ ይታያል። ወንዱ ግን በእነዚህ ቀናትም ቢሆን ከዓይን መራቅ የለበትም፤ ዛሬ በጠብታ የሚሸናው ነገ ሊዘጋበት ይችላል።

ደም የመሰለ ሽንት ሁሉ ከዚህ ሕመም አይመጣም። አካባቢያችን የሽንኩርት አገር ነው፤ ወጡም ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስሉም እንኳ፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፤ ሽንቷም ቀይ ቡናማ ይሆናል፣ ድዷ ይገረጣል። የወጥ ትራፊ ለድመት የማይመከረው በዚህ የተነሣ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ የአይጥ መርዝ የበላች፣ ወይም በዚያ መርዝ የሞተ አይጥ ያገኘች ድመትም ከአፍንጫዋ፣ ከድዷና ከሽንቷ ልትደማ ትችላለች። መርዝ በተነሰነሰበት ቤት ይህ ለባለሙያው በመጀመሪያ ሊነገር ይገባል፤ በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለውና።

በመጨረሻ የሰውም ጤና አለ። በሥቃይ ላይ ያለች ድመት ባለቤቷንም ትነክሳለች፤ የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን የጠፋ ባለመሆኑም ንክሻው ቀላል ተብሎ አይታለፍም። ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውኃና ሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ ክትባቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። በተቃራኒው፣ ምጥ ይዞት የሚጮኽና ሰው ሲነካው የሚቧጭር ድመት «አብዷል» ተብሎ በዱላ የሚገደልበት ጊዜ አለ። በር ዘግቶ፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ባለሙያ እስኪያየው በካርቶን ማቆየት ሰውንም ድመቱንም ይጠብቃል።