ጓያና የማይላላ ጡንቻ፦ የፎገራ ሜዳ ለነርቭ ሳይንስ ያለው ምስክርነት



የጡንቻን መኮማተርና መላላት ተማሪዎቻችን ብዙውን ጊዜ ከእንቁራሪት እግር ጀምረው ይማሩታል። እኔ ግን ዛሬ ከወረታና ከቁሐር ሚካኤል ዙሪያ ካለው ጥቁር አፈር፣ በላዩም ከሚበቅለው ጓያ ልጀምር።

የፎገራ ሜዳ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈስሱ ይጥለቀለቃል። ውኃው ከሸሸ በኋላ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ጓያ ውኃ የተኛበትን መሬትም ድርቅንም ይችላል፤ ሌላው እህል በከዳበት ዓመት እንኳ ገበሬውን ባዶ እጁን አይሰድደውም። በደኅና ዘመን ከሽሮ እህሎች አንዱ ነው። በክፉ ዘመን ግን ብቻውን ምግብ ይሆናል፤ በሽታውም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ለሳምንታትና ለወራት ጓያን ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው፣ ይልቁንም ወጣት ወንድ፣ ባቱን ቁርጥማት ይይዘዋል፤ እግሩ ይከብደዋል። ከዚያ ጉልበቶቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፤ ተረከዙ መሬት አይነካም። አንዱ በአንድ ምርኩዝ፣ ሌላው በሁለት ይሄዳል፤ የባሰበትም ይድሃል።

እንዲህ ያለውን ሰው «ሽባ» እንለዋለን። ቃሉ ግን በእኔ አስተያየት ያሳስተናል፤ የዛለና የሰለለ እግር በዓይነ ሕሊናችን ይስላልና። በጓያ የተመታ እግር የዛለ አይደለም። ጡንቻው አለ፤ ይኮማተራልም። የጠፋው በጊዜው የመላላት ሥርዓት ነው።

ይህን ለመረዳት የትእዛዙን መንገድ እንከተል። ከአንጎል የሚነሣው ነርቭ ወደ ሕብለ ሰረሰር ይወርዳል፤ በዚያ ሁለተኛው ነርቭ ትእዛዙን ተቀብሎ እስከ ጡንቻው ያደርሳል። በነርቡና በጡንቻው መካከል ጠባብ ክፍተት አለ። ምልክቱ ይህን ክፍተት የሚሻገረው አሲታይልኮሊን በተባለ ኬሚካል ነው፤ ሄንሪ ዴልና ኦቶ ሎቪ ነርቮች በኬሚካል መልእክት እንደሚያስተላልፉ ስላሳዩ እ.ኤ.አ. በ1936 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ምልክቱ ሲደርስ በጡንቻው ኅዋስ ውስጥ ተከማችቶ የነበረው ካልሲየም ይለቀቃል፤ ማዮሲን የተባለው ፕሮቲን አክቲንን እየያዘ ይስበዋል፤ ጡንቻውም ያጥራል። ለመላላት ደግሞ አሲታይልኮሊኑ በኢንዛይም መፍረስ፣ ካልሲየሙም ወደ ማከማቻው መመለስ አለበት። ይህ መመለስ ኃይል ይጠይቃል። የሬሳ መድረቅ ምክንያቱም ይኸው ነው፤ ኃይል ሰጪው ኤቲፒ ሲያልቅ ማዮሲን የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል።

መላላት የሥራ መቋረጥ ብቻ አለመሆኑን ከጡንቻው ከፍ ብሎ በነርቮች ደረጃ ያስተማረን እንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ባወጣው ሥራው የድመትን የላይኛውን አንጎል ከታችኛው ሲለየው የእንስሳው እግሮች ዝለው አልወደቁም፤ ይልቁንም ተገትረው ቀሩ። አንጎል ጡንቻን ማዘዝ ብቻ ሳይሆን መግታትም ሥራው መሆኑ በዚህ ታየ።

አሁን ወደ ጓያ እንመለስ። በፍሬው ውስጥ ያለውን መርዝ፣ በአጭር ስሙ ኦዳፕን፣ የሕንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው አወጡት። ኦዳፕ የነርቭ ኅዋሳት የሚነጋገሩበትን ግሉታሜትን ይመስላል፤ ኅዋሱን ከመጠን በላይ እያነቃቃ ይጎዳዋል። ጉዳቱ የሚበረታው ከአንጎል እስከ ታችኛው ሕብለ ሰረሰር በሚወርዱት ረጃጅም ነርቮች ላይ ነው። ሁለተኛው ነርቭና ጡንቻው ግን በአብዛኛው ደኅና ናቸው፤ ገቺያቸውን ስላጡ እግሩ ይገተራል። የሼሪንግተን ድመትና የፎገራው ገበሬ የጉዳታቸው ቦታ አንድ ባይሆንም የሚያስተምሩን ነገር ተቀራራቢ ነው። ጡንቻን የሚያላሉ መድኃኒቶች ግትርነቱን ሊያስታግሱ ይችላሉ፤ የጠፋውን ነርቭ ግን አይመልሱም።

የበሽታው ስፋት በአገራችን በቁጥር የታወቀው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ቤት ለቤት ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ነው፤ በአማካይ ከ1,000 ሰዎች 6ቱ ታመው ተገኝተዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በወሎ ደላንታ ዳውንት ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ ጓያ ብቻ ቀረ፤ ወረርሽኙም ተነሣ። እዚያ ያጠኑት ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ያገኙት ውጤት ወደ ጓዳ የሚመራ ነው፦ ጓያን በእሸት፣ በቆሎና በንፍሮ መብላት አደጋውን ይጨምራል፤ ከቅመማ ቅመም ጋር በወጥ መልክ ሲበላ ግን እንደዚያ አይደለም። ከእህል ጋር መቀላቀልም ይከላከላል። ሕዝቡ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈራው ሲቀቀል የሚወጣውን እንፋሎት ነበር። እንፋሎቱን መፍራት ስንፍና ነው አልልም፤ ሰዎች አደጋውን ከጓያ ጋር ማያያዛቸው ትክክል ነበር፣ የሳቱት መንገዱን ነው።

ዛሬ ፎገራ የሩዝ አገር ሆኗል። ሩዙ ሲነሣ ግን በብዙ ማሳ ላይ የሚከተለው ያው ጓያ ነው። ፍሬውን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከዚያም በሚገባ ማብሰል መርዙን ይቀንሰዋል። ይህን ምክር በድርቅ ዓመት ለምትሰማ እናት ግን ውኃው ከሩቅ የሚቀዳ፣ ማገዶውም የሚገዛ ነው፤ ቆሎው ደግሞ በጥቂት ጭራሮ ይደርስላታል።