አጣጥ፦ ከአጥር እሾህ እስከ ካንሰር መድኃኒት



እዚህ ሎስ አንጀለስ በፌርፋክስ ጎዳና ሱቆቻችን በርበሬና ኮሰረት አይጠፉም። አጣጥን ግን ለመሸጥ ያሰበ የለም። አገር ቤት አጥር ሆኖ ከብት የሚከለክል፣ የእረኛ ልብስ የሚቀድ እሾሃም ቁጥቋጦ ነው። ባህላዊ ሐኪሞች ቅጠሉንና ሥሩን ለቁስልና ለሆድ ሕመም ይጠቀሙበታል። እኔን እንደ ነርስ የሚገርመኝ ግን ሌላው ታሪኩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከአገሪቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋትን እየሰበሰበ ለካንሰር መሞከር ጀመረ። ታክሶል የተባለው መድኃኒት የተገኘው በዚሁ ዘመቻ ነው። ከኢትዮጵያም ማይቴነስ የተባለ የአጣጥ ወገን ተወሰደ። ብዙ ጊዜ «ዕውቀታችንን ሰረቁን» ሲባል እሰማለሁ። በዚህኛው እንኳ የተነጠቀ የደብተራ መጽሐፍ የለም፤ ፍለጋው በጅምላ ነበር። ተክሉ ግን የእኛው አፈር ያበቀለው ነው።

በ1972 ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከዚህ ተክል ሜይታንሲን የተባለ ኬሚካል ለይተው ማውጣታቸውን አሳወቁ። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል የሚገኘው 0.2 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ያቺ ቅንጣት ግን ኃይለኛ ናት። አንድ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል የዘር ቅንጣቶቹን ወዲህና ወዲያ የሚስቡ ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ ሜይታንሲን ክሮቹ እንዳይሠሩ ስለሚያደርግ ሕዋሱ መባዛት አቅቶት ይሞታል። ችግሩ የታመመውን ከጤነኛው አለመለየቱ ነው። በ1970ዎቹ በሰው ላይ ሲሞከር ብርቱ ትውከት፣ ተቅማጥና የነርቭ ጉዳት ስላስከተለ ወደ ጎን ተተወ።

መፍትሔው በከፊል ከዚሁ ከከተማችን መጣ። የዩሲኤልኤው ዶክተር ዴኒስ ስላሞን በ1987 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት፣ በአንዳንድ የጡት ካንሰሮች ኸር-2 የተባለው ዘር እንደሚበዛና ይህም ከበሽታው ክፋት ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። ይህን ዒላማ ፈልጎ የሚይዘው ሄርሴፕቲን በ1998 ተፈቀደ። ኋላም ኢሚዩኖጅን የተባለው ኩባንያ ያዘጋጀው የሜይታንሲን ዝርያ በሄርሴፕቲን ላይ ተጫነ፤ መርዙ እንደ ታሸገ ደብዳቤ በአድራሻው ይደርሳል እንደ ማለት ነው። ካድሲላ ተብሎ በየካቲት 2013 በአሜሪካ ተፈቀደ። በደም ሥር በየሦስት ሳምንቱ ይሰጣል። በ1,486 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2018 የወጣ ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት መድኃኒት ወስደው የካንሰር ቅሪት በተገኘባቸው ሰዎች፣ ከሄርሴፕቲን ጋር ሲነጻጸር የበሽታውን መመለስ ወይም ሞትን በግማሽ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ዛሬ ለዚህ መድኃኒት ብሎ አጣጥ የሚቆርጥ የለም። መነሻው በፋብሪካ ከሚረባ ረቂቅ ተሕዋስ ይገኛል። እንዲያውም በተክሉ ዘመዶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሜይታንሲንን የሚሠሩት በሥሩ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን ጠቁሟል።

ጥቅሙን ስለ መጋራት የሚደነግገው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት የመጣው በ1992 ነው፤ የእኛው አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ በ1998 ዓ.ም.። ሁለቱም የደረሱት ተክሉ ከተወሰደ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ለቀሩት ዕፅዋቶቻችን ግን አዋጁ ይሠራልና፣ ማኅበራችን የአካባቢያችንን ዕፅዋት ስምና አገልግሎት ከአዛውንቶቻችን እየጠየቀ ቢያስመዘግብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

እህቶቼ፣ ይህን አንብባችሁ አጣጥ እንዳትቀቅሉ አደራ። ጥሬው ኬሚካል በሐኪም እጅ እንኳ ጎድቷል፤ በድስት ደግሞ መጠኑን የሚለካ የለም። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ዕድሜያችሁ ከ40 እስከ 74 ከሆነ በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም ተነሡ። በካሊፎርኒያ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነና ኢንሹራንስ ለሌላቸው ሴቶች «ኤቭሪ ዉመን ካውንትስ» የተባለው የክፍለ ግዛቱ ፕሮግራም ምርመራውን በነፃ ይሰጣል።