ፍሬቻው የት አለ? ግራ የሚያጋቡ የመኪና በተኖች፦ ከሲኒማ ራስ ሚኒባስ እስከ ቻይንኛ ስክሪን

ሲኒማ ራስ ጋ ቆማችሁ የሚያልፈውን መኪና ብታዩ ሁለት ዘመን ጎን ለጎን ሲጋፋ ታገኛላችሁ። አንደኛው ሬዲዮው ተነቅሎ ሽቦው የተንጠለጠለ፣ ግን መሪው፣ ፍሬቻውና ማርሹ የሚታወቅ ቦታቸው ላይ ያሉ አሮጌ ሚኒባስ ነው። ሁለተኛው ድምፁ የማይሰማ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ከትልቅ ስክሪን በቀር ምንም የሌለው፣ ስክሪኑም በቻይንኛ የሚያወራ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ሃያ ዓመት ሚኒባስ የነዳ ሾፌር ሁለተኛው ውስጥ ገብቶ የኋላውን መስኮት ክፈት ቢባል ይቸገራል። ችግሩ የእሱ አይደለም።

በውስጥ መስመር "ይሄ ምልክት ምንድን ነው?" እያላችሁ ፎቶ የምትልኩልን ብዙ ናችሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የመኪና በተን ለምን ግራ ያጋባል? የትኛው ግራ መጋባት ያናድዳል፣ የትኛውስ ሰው ይገድላል?

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ

ፍሬቻ የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ቀስት ማለት ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ስፖኪዮ፣ ኮፈን፣ ፖርቶ ባጋሊ ሁሉም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። መኪናው ከጃፓን ይምጣ ከጀርመን፣ ስሙ ጣሊያንኛ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ሊሆን የቻለው ደግሞ ዕቃው ራሱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስላልተለወጠ ነው። ፍሬቻ ከመሪው ሥር ያለ ዘንግ ነው፤ ወደ ላይ ቀኝ፣ ወደ ታች ግራ። እጅ አንዴ ከለመደው ዓይን አያስፈልገውም።

እዚህም ላይ ቢሆን አንድ የቆየ ወጥመድ አለ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ሲሆን የፍሬቻው ዘንግ ከመሪው በስተቀኝ፣ የዝናብ መጥረጊያው በስተግራ ነው። ከአውሮፓ የመጣው መኪና ተገላቢጦሽ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው ለመታጠፍ ሲያስብ በፀሐይ መጥረጊያውን ያስነሳል። ያስቃል እንጂ ብዙም አይጎዳም፤ በሁለት ቀን ይለመዳል።

ምልክቶቹ እነማን ናቸው?

በመኪና ላይ ያሉት ትንንሽ ሥዕሎች ዝም ብለው የተሳሉ አይደሉም። አይሶ 2575 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ የትኛው ሥዕል ምን እንደሚል የተዘረዘረው እሱ ላይ ነው። ቀለሙም ትርጉም አለው። ቀይ ከሆነ አደጋ ነው፣ ቁም። ቢጫ ከሆነ አሁን አትሞትም፣ ግን ቶሎ አሳይ። አረንጓዴ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ሰማያዊው ረጅም መብራት ነው፤ ማታ ይህ በርቶ የሚመጣ ሾፌር ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው እያሳወረ ነው።

በብዛት የምትጠይቁን አራት ናቸው። መሀሉ ላይ ቃለ አጋኖ ያለበት የፈረስ ኮቴ የሚመስለው የጎማ አየር ማነስ ነው (ማንም ሰው ይህን አይቶ ጎማ ትዝ ይለዋል ብለን አናምንም)። ሦስት ጠመዝማዛ ቀስት ያለው አራት ማዕዘን ሳጥን የኋላ መስታወት ጉም ማጥፊያ ነው። ተመሳሳይ ቀስት ላዩ ሰፋ ባለ ማራገቢያ ቅርጽ ላይ ከሆነ የፊቱ ነው። በክረምት መስታወቱ ሲታፈን የምትፈልጉት የፊቱን ነው፤ ብዙ ሰው የኋላውን ተጭኖ ይጠብቃል። አራተኛዋ ኤሊ ናት። የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ኤሊ ከበራች ባትሪው በጣም ስለወረደ ወይም ሌላ ችግር ስላለ መኪናው ኃይሉን ቀንሷል ማለት ነው። ኤሊ በርታ ሳለ ደርቦ ማለፍ አይሞከርም።

ስክሪኑ ለምን በቻይንኛ ሆነ?

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም መንገድ ላይ ታዩታላችሁ። ቢዋይዲ፣ ቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6፣ ቶዮታ ቢዚ 4 ኤክስ ከተማውን ሞሉት። ስማቸው ጀርመንና ጃፓን ቢሆንም እዚህ የምናያቸው በብዛት ቻይና ውስጥ ተሠርተው ለቻይና ገዢ የተዘጋጁ ናቸው። አይዲ 6 እንዲያውም ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ሞዴል ነው። ዲዛይነሩ አዲስ አበባ ያለ ሾፌር ይነዳዋል ብሎ አላሰበም። ስለዚህ ቻይንኛው ስህተት ሳይሆን እኛ ያልተጠራንበት ግብዣ ነው።

አንዳንዱ መኪና የማርሽ ጥርስ ምልክት ያለበት ሴቲንግ ውስጥ ሲገባ እንግሊዝኛ አለው። አንዳንዱ ጭራሽ የለውም። የሌለውን ሶፍትዌር ቀይረው እንግሊዝኛ የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ። ከማስነካታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የድሮው ሶፍትዌር ተቀምጦ መመለስ ይችላል ወይ? ስክሪኑ ላይ ኤሲውም፣ የኋላ ካሜራውም፣ የመኪናው ማስጠንቀቂያም ስላለ ሲበላሽ የሚጠፋው ሙዚቃ ብቻ አይደለም።

ርካሹ መፍትሔ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ጎግል ትራንስሌት ካሜራውን ስክሪኑ ላይ ስትደቅኑት ቻይንኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጠዋል፤ የቻይንኛውን ፋይል ቀድማችሁ ዳውንሎድ ካደረጋችሁ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ትርጉሙ አንዳንዴ ያስቃል፤ ቢሆንም ለመገመት ይበቃል። መኪናው ቆሞ ሳለ እያንዳንዱን ገጽ ስክሪንሾት አንስታችሁ ለሾፌሩ ብትልኩለት ውለታ ነው።

ቋንቋ ሁሉንም አይፈታም

አይዲ 4 ላይ አራት መስኮት አለ፤ የሾፌሩ በር ላይ ያለው የመስኮት ማንሻ ግን ሁለት ብቻ ነው። የኋላውን ለማዝዘዝ መጀመሪያ "የኋላ" የምትለውን የምትነካ በተን ነክቶ፣ ከዚያ ያንኑ የፊቱን ማንሻ መጠቀም ነው። መንካቱን ረስቶ የራሱን መስኮት ሲያወርድና ሲያወጣ የሚውል ሾፌር ብዙ ነው። የድምፅና የሙቀት ማስተካከያው ደግሞ በጣት የሚንሸራተት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ላይ መብራት እንኳ አልነበረውም። ማታ በዳበሳ ነው። ኩባንያው ራሱ ቆይቶ አምኖ ከመሪው ላይም ከስክሪኑ ሥርም እውነተኛ በተን እየመለሰ ነው።

ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ብትጽፉትም ግራ ያጋባል። የበተን ዋናው ጥቅም ጣት ሲነካው ማወቁ ነው። ስክሪን ሁልጊዜ ዓይን ይፈልጋል።

ዓይን ከመንገድ ሲነሳ ምን ያህል ይጎዳል? ቪ ቢላጋሬ የተባለ የስዊድን የመኪና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 ለክቶታል። ሾፌሮቹ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየነዱ እንደ ኤሲ ማስተካከል፣ ሬዲዮ መቀየር ያሉ ቀላል ሥራዎችን እንዲሠሩ ተደረገ። በተን ብቻ ያለው የ2005 ቮልቮ ላይ ሁሉም በ10 ሴኮንድ አለቀ፤ መኪናው በዚያ ጊዜ 306 ሜትር ሄዷል። ከተፈተኑት አዳዲሶች የመጨረሻው የወጣው ኤምጂ ማርቬል አር 44.9 ሴኮንድ ፈጀ፤ 1,372 ሜትር ማለት ነው።

"መርካቶ ውስጥ ማን 110 ይነዳል?" ትሉ ይሆናል። ልክ ነው። ግን በ30 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትሄዱ በሁለት ሴኮንድ ከ16 ሜትር በላይ ትጓዛላችሁ፤ ሦስት ሚኒባስ ተቀጣጥሎ ቢቆም ከዚያ አይበልጥም። ሲኒማ ራስ ጋ 16 ሜትር ውስጥ ስንት ሰው፣ ስንት ጋሪ፣ ስንት የተሸከመ ልጅ እንዳለ እናንተው ቁጠሩት።

ጀርመን ውስጥ አንድ የቴስላ ሾፌር ዝናብ ሲበረታ የመጥረጊያውን ፍጥነት ለመቀየር ስክሪን ውስጥ ገብቶ ሲፈልግ ከመንገድ ወጣ። የካርልስሩሄ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ስክሪኑን እንደ ስልክ ቆጥሮ የ200 ዩሮ ቅጣቱንና የአንድ ወር የመንዳት እገዳውን አጸናበት። ዲዛይኑን የሠራው ኩባንያ ነው፤ ቅጣቱን የከፈለው ሾፌሩ።

ከሁሉም የከፋው፦ ማርሽ

በማኑዋል የተማረ ሰው ማርሹ የት እንደገባ እጁ ያውቃል፤ ዘንጉ እዚያው ይቆያል። በብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ማርሽ ማለት ኤሌክትሪክ በተን ነው። አይዲ 4 ላይ ከመሪው ጀርባ በስተቀኝ ያለ የሚጠመዘዝ እጀታ ነው፤ ወደ ፊት ሲጠመዘዝ ዲ፣ ወደ ኋላ አር፣ ጫፉ ሲጫን ፒ። ቢዚ 4 ኤክስ ላይ ተጭነው የሚያዞሩት ክብ ነገር ነው። ቢዋይዲ ዶልፊን ላይ ከስክሪኑ ሥር ከተደረደሩት በተኖች አንዱ ነው። (ድሮ ዶልፊን ሲባል ሚኒባሱ ነበር። አሁን ዶልፊን ተብሎ ሲነገራችሁ የቱን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቁ።) ሦስቱም የጋራ ጠባይ አላቸው፦ ከለቀቃችኋቸው በኋላ ቅርጻቸውን አይታችሁ ማርሹ የት እንዳለ ማወቅ አትችሉም። የሚነግራችሁ ስክሪኑ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ብቻ ናት።

ይህ ዓይነቱ ዲዛይን የሚያስከፍለው ዋጋ ተመዝግቧል። ጂፕ ግራንድ ቸሮኪ ላይ የነበረው የማርሽ ዘንግ ተገፍቶ ሲለቀቅ ሁልጊዜ ወደ መሀል ይመለስ ነበር። ሾፌሮች ፒ ያስገቡ መስሏቸው ይወርዱና መኪናው ይንከባለላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኩባንያው ወደ 1.1 ሚሊዮን መኪና ለጥገና ጠራ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የ27 ዓመቱ የፊልም ተዋናይ አንቶን የልቺን ሎስ አንጀለስ ቤቱ ደጃፍ ላይ የራሱ ግራንድ ቸሮኪ ከአጥሩ ጋር አጣብቆት ሞተ። መኪናው ለጥገና ከተጠሩት አንዱ ነበር።

የነዳጅ መኪና ቢያንስ ሲነሳ ይጮኻል። የኤሌክትሪኩ ቆሞም ዝም፣ በርቶም ዝም ነው። ሾፌሩ ጠፍቷል ብሎ ሲወርድ በርቶ ሊሆን ይችላል።

በሩስ?

አሮጌው ሚኒባስ ላይ የውስጡ እጀታ ከተነቀለ ቆይቷል። ረዳቱ በመስኮት እጁን አውጥቶ በውጭ በኩል ይከፍታል፤ ረዳቱ ከሌለ ተሳፋሪው ያንኑ ያደርጋል። ዲዛይን ልንለው ይከብዳል፤ ሆኖም ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

አዲሶቹ ላይ ደግሞ እጀታው ከበሩ ጋር ተስተካክሎ ይደበቃል፣ ወይም ከኋላው ያለ ሴንሰር ሲነካ በኤሌክትሪክ ይከፈታል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥስ? ቻይና ውስጥ ከግጭትና ከእሳት በኋላ በር አልከፈት ያለባቸው አደጋዎች ብዙ ቁጣ ቀስቅሰው፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2027 ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች ከውስጥም ከውጭም ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ የሚከፈት እጀታ እንዲኖራቸው አዟል። አውሮፓም በሌላው በኩል እየተንቀሳቀሰ ነው። መኪኖችን በደኅንነት የሚመዝነው ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ ሙሉ አምስት ኮከብ የሚፈልግ ኩባንያ ፍሬቻን፣ ክላክስን፣ የዝናብ መጥረጊያን፣ አራቱን ፍሬቻ አብሮ የሚያበራውን የአደጋ መብራትና የድንገተኛ ጥሪን በእውነተኛ በተን እንዲያደርግ ይፈልጋል።

እነዚህ ሕጎች ግን የሚሠሩት ከዚያ በኋላ ለሚመረቱት ነው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ያሉት መኪኖች እዚህ ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ፤ ነገ ሶማሌ ተራ ላይ የሚፈለገው መለዋወጫም የእነሱ ነው። ስለዚህ እስከዚያው፦

የማታውቁት መኪና ውስጥ ሾፌር ሆናችሁ ስትገቡ ገና ሳይንቀሳቀስ ስድስት ነገር በእጃችሁ ፈልጉ፤ ፍሬቻ፣ መጥረጊያ፣ መብራት፣ ክላክስ፣ የፊት መስታወት ጉም ማጥፊያና የአደጋ መብራት። የአደጋ መብራቱ ቀይ ሦስት ማዕዘን ነው፤ አንዳንዱ መኪና ላይ ጣራው ጋ ይደበቃል። ስትወርዱ ስክሪኑ ላይ ፒ የምትለዋን ፊደል በዓይናችሁ እዩ፣ የእጅ ፍሬኑ መያዙን አረጋግጡ፣ ከዚያ ቀበቶ ፍቱ። ኤሲና ሙዚቃ ከመነሳታችሁ በፊት ይስተካከላል፤ መንገድ ላይ ካስፈለገ ጋቢና የተቀመጠው ሰው ይሥራው።

ራይድ ጠርታችሁ ኋላ የምትቀመጡ ደግሞ በሩ ያለ ኤሌክትሪክ በምን እንደሚከፈት ሾፌሩን ጠይቁት። አንዳንዱ መኪና ላይ ከዋናው እጀታ ሥር ትንሽ ዘንግ አለች፣ አንዳንዱ ላይ ምንጣፍ ወይም ክዳን ሥር የተደበቀች ገመድ ናት፣ አንዳንዱ ላይ ያው እጀታ ሁለቴ ሲጎተት ነው። ሾፌሩ ራሱ የማያውቅ ከሆነ አብራችሁ ፈልጉትና ፎቶ አንስታችሁ የመኪናውን ሞዴል ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሞዴል በሞዴል ለይተን እንለጥፈዋለን።